ደጃፍና ደጅ ጥናት

«ደጅ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛው ሰው ከቤቱ ብቅ ብሎ ከጎረቤቱ ጋራ የሚገናኝበት ስፍራ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ያለው ሰው ከባለሥልጣን በር ቆሞ ፈቃድ የሚጠባበቅበት፣ ደጅ ጥናት የሚባለው ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ እነዚህን ሁለት ደጆች ባንድ ላይ ያገናኛል። እግሩ አልታዘዝ ያለው፣ ወይም ልቡና ሳንባው የደከመበት ሰው፣ መኪናው ከገዛ ቤቱ ደጃፍ እንድትቆምለት ሲል የማዘጋጃ ቤትን ደጅ ቢረግጥ ምን መልስ ያገኛል? ምንስ ማግኘት ይገባዋል? ነገሩ ከስድስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የመንገድ ጠርዝ የሚመለከት ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ትንሽ ጉዳይ ትልቅ ነገር ይገልጣልና፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሕግን፣ ርኅራኄንና የሕዝብን ሀብት እንዴት አስታርቆ እንደሚሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪም ሆነ ወጣት ሹም ከዚህ ብዙ ሊማር ይችላል።

ለምሳሌ የምንወስደው የእንግሊዝን አገር ነው። ይህንም ያደረግነው የባሕር ማዶ ነገር ሁሉ የተሻለ ነው ብለን አይደለም፤ ጉዳዩ በዚያ አገር በሕግ ተወስኖ ከ50 ዓመት በላይ ሲሠራበት ስለኖረ፣ ደኅናውም ጉድለቱም በግልጽ ስለታየ ነው። ከዚህም ሌላ በለንደንና በሌሎቹ የእንግሊዝ ከተሞች የሚኖሩ አያሌ ወገኖቻችን አሉ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ በወጣትነታቸው ባሕር የተሻገሩት ዛሬ ሸምግለዋል፤ ጉልበት ከድቷቸው ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር የያዙም አይጠፉም። ስለዚህ ነገሩ ከእኛም ቤት የራቀ አይደለም። የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

በመጀመሪያ መንገድ የማን እንደሆነ እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ሕግ የቤት ባለቤት የሆነ ሰው ከደጃፉ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ ጠርዝ የእኔ ነው ሊል አይችልም። መንገድ የሕዝብ ነው፤ ልዩ ክልከላ እስከሌለበት ድረስ ቀድሞ የደረሰ ያቆምበታል። የለንደን፣ የማንቸስተርና የበርሚንግሃም ረዣዥም የቤት ረድፎች ብዙዎቹ በ19ኛው መቶ ዓመት፣ መኪና ገና ሳይታሰብ የተሠሩ በመሆናቸው ግቢም ጋራዥም የላቸውም። በሩ ሲከፈት የሚገኘው የእግረኛ መንገድ ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ በሁለት ወገን የተደረደረ መኪና ነው። ማታ ከሥራው ዘግይቶ የተመለሰ ጤነኛ ሰው መኪናውን በሚቀጥለው መንገድ አቁሞ እያጉረመረመ በእግሩ ይመለሳል። ከመሰልቸት በቀር የሚደርስበት ጉዳት የለም።

ለአካል ጉዳተኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል የሚመላለሱ አንድ አዛውንት እናስብ። እጥበቱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሲጨርሱ ሰውነታቸው ዝሎ፣ ራሳቸውን እያዞራቸው ነው። ልጃቸው በመኪና አድርጎ ያመጣቸዋል፤ ከደጃፋቸው ሲደርሱ ግን ባዶ ቦታ የለም። ልጁ አባቱን ከመንገዱ መካከል አውርዶ መኪናውን ሊያቆም ቢሄድ፣ አዛውንቱ ብቻቸውን በብርድ ይቆማሉ። ደግፎ እስከ ውስጥ ላድርሳቸው ቢል መንገዱ ይዘጋል፤ የኋለኛው መኪና ጡሩምባውን ያምባርቃል። ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግር እንምጣ ቢል ደግሞ የአባቱ ጉልበት አይችለውም። ቀድሞ የደረሰ ይውሰድ የሚለው ደንብ ሁሉን በእኩል ዓይን የሚያይ ይመስላል፤ ነገር ግን ደንቡ እኩል የሚሆነው የሁሉም ሰው እግር እኩል ሲሆን ነው።

የእንግሊዝ ፓርላማ ይህን ችግር በሕግ የተመለከተው በ1970 ነው። ነገሩ የጀመረው በዕጣ ነበር። በእንግሊዝ ፓርላማ ልማድ የመንግሥት ሚኒስትር ያልሆኑ እንደራሴዎች የራሳቸውን ረቂቅ ሕግ እንዲያቀርቡ ዕጣ ይወጣላቸዋል። በ1969 የማንቸስተር እንደራሴ የነበረው አልፍሬድ ሞሪስ የአንደኝነቱ ዕጣ ደረሰው። አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የተጎዳ ሰው ስለነበረ፣ ሞሪስ የአካል ጉዳተኛን ቤት ኑሮ በልጅነቱ ያውቀዋል። ያገኘውንም ዕድል ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸውና ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ሕግ ለማውጣት አዋለው። ሕጉ በግንቦት ወር 1970 ጸደቀ። በ21ኛው አንቀጹም ማዘጋጃ ቤቶች ለአካል ጉዳተኞች መኪና የሚሆን ባጅ እንዲሰጡ ተደነገገ፤ ባጁም ከ1971 መጨረሻ ጀምሮ መታደል ጀመረ። ሞሪስ በ1974 የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ተብሎ ተሾመ፤ እንዲህ ያለ ሹመት ሲሰጥ የእርሱ የመጀመሪያው ነበር።

ያ ባጅ ሲጀመር ቀለሙ ብርቱካናማ ነበር። በ2000 ከሌሎቹ የአውሮፓ አገሮች ጋራ እንዲመሳሰል ሰማያዊ ሆነ፤ ዛሬም የሚጠራው ሰማያዊ ባጅ ተብሎ ነው። ዋጋው በእንግሊዝ ቢበዛ 10 ፓውንድ፣ በስኮትላንድ 20 ፓውንድ ሲሆን፣ በዌልስ በነፃ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። በእንግሊዝ ብቻ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይይዙታል። ባለባጁ መቆም በተከለከለበት ባለ ቢጫ መስመር መንገድ ላይ፣ ሌላ ልዩ ክልከላ ከሌለ፣ የደረሰበትን ሰዓት የሚያሳይ ካርቶን አስቀምጦ እስከ ሦስት ሰዓት ለመቆየት ይችላል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ብልህ ነገር በዚህ ሕግ ውስጥ አለ። ባጁ የሚሰጠው ለሰውየው ነው፤ ለመኪናው አይደለም። አካል ጉዳተኛው መኪና መንዳት ባይችል፣ መኪናም ባይኖረው፣ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ወይም የታክሲ ነጂ ሲያጓጉዘው ባጁን ይዞ ይገባል። እርሱ በሌለበት ግን ባጁ አንዳች ሥልጣን የለውም። ያለ አግባብ የተጠቀመበት ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ መቀጮ ሊከፍል ይችላል። ሕጉ መብቱን ከሀብት ለይቶ ከሰውየው ጋራ ስላሰረው፣ ድኻው ባለ ክራንችና ሀብታሙ ባለ ክራንች በእኩል ይጠቀሙበታል።

በባጁም ሆነ በመንገዱ ላይ የሚታየው በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሥዕል የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያውን ንድፍ በ1968 ያወጣችው ሱዛን ኮፎድ የምትባል የዴንማርክ ተወላጅ ተማሪ ነበረች። እርስዋ የነደፈችው ሥዕል ወንበሩን ብቻ የሚያሳይ፣ ራስ የሌለው ነበር። በኋላ ካርል ሞንታን የተባለው ስዊድናዊ በላዩ ክብ ራስ ጨመረበት፤ ወንበር የነበረውም ሰው ሆነ። ይህ ትንሽ እርማት ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጥሩ ትምህርት ነው። ማመልከቻ የያዘ ወንበር ከመስኮቱ ፊት አይቆምም፤ የሚቆመው ሰው ነው።

እንግዲህ ባጁ መንገደኛውን በየደረሰበት ይረዳዋል፤ ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ግን ቦታ አይጠብቅለትም። ለዚህ የተለየ ማመልከቻ ለማዘጋጃ ቤት ማቅረብ ያስፈልጋል። የሚጠየቀው ዝርዝር ከከተማ ከተማ ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። አመልካቹ ባጅ ያለው መሆኑ፤ የሚያጓጉዘው መኪና በዚያው አድራሻ መኖሩ፤ ቤቱ ግቢ ወይም ጋራዥ የሌለው መሆኑ፤ በመንገዱም ላይ ባዶ ቦታ ማግኘት በእርግጥ አስቸጋሪ መሆኑ ይመረመራል። ከዚህ በኋላ የመንገድ ባለሙያ ወደ ስፍራው ወርዶ ስፋቱን ይለካል፤ ለመስቀለኛ መንገድ የቀረበ እንዳይሆን፣ የእሳት አደጋ መኪና እንዳያግድ ያያል። ፈቃዱ ከተሰጠ በነጭ ቀለም ሳጥን ይሠመራል፤ ርዝመቱ 6.6 ሜትር ያህል ይሆናል። መኪና በአማካይ ከአራት ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም፤ ትርፉ ተሽከርካሪ ወንበር ከኋላ ወይም ከጎን ለማውረድ የሚያስፈልግ ነው።

የሠመረው ሳጥን ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይገባል። አንደኛው ማሳሰቢያ ብቻ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቀለሙን ቀብቶ ይሄዳል፤ ሥራው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ባጅ የሌለው ሰው ቢያቆምበት የሚቀጣው የለም። የሚጠብቀው የጎረቤት ኅሊና ብቻ ነው። ሁለተኛው በሕግ የጸና ነው። በ1984 በወጣው የመንገድ ትራፊክ ደንብ ሕግ መሠረት ማዘጋጃ ቤቱ ትእዛዝ ያወጣል፤ ሐሳቡን በአካባቢው ጋዜጣ ያስነግራል፤ ተቃዋሚ ካለ በ21 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጋብዛል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቆመው ሳጥን ቅጣት አለው። ጊዜው ግን ብዙ ወራት ይፈጃል።

ስኮትላንዶች ይህን ልዩነት ተመልክተው በ2009 ራሱን የቻለ ሕግ አወጡ። ሕጉ ማዘጋጃ ቤቶች የማሳሰቢያ ሳጥኖችን ወደ ጸና ሳጥን እንዲለውጡ ያስገድዳል። ያለ ሕግ ኅሊና ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተውታል ማለት ነው። እኛም ይህን ፍርድ እንደግፋለን። ጨዋ ጎረቤት ባለበት መንደር ማሳሰቢያው ይበቃል፤ ነገር ግን ጨዋ ጎረቤት ባለበት መንደር ቀለሙም ባላስፈለገ ነበር። ሕግ የሚጻፈው ለማያፍር ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር የተሠመረው ሳጥን የአመልካቹ የግል ንብረት አይሆንም። ባጅ ያለው መንገደኛ ሁሉ ሊያቆምበት ይችላል። አመልካቹ ስድስት ወር ጠብቆ ያገኘውን ቦታ የማያውቀው ባለባጅ ይዞት ቢያገኝ ሊከፋው ይችላል፤ ሕጉ ግን ወደ መጀመሪያው መሠረት ይመልሰዋል፤ መንገድ የሕዝብ ነው። አንዳንድ የለንደን ወረዳዎች ግን የፈቃድ ቁጥር ጽፈው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ቦታ ይሰጣሉ። በአሜሪካም የቺካጎ ከተማ እንዲሁ በምልክቱ ላይ የፈቃዱን ቁጥር ስለሚጽፍ፣ ያ ፈቃድ የሌለው መኪና አይቆምበትም።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ሲሰጥ የታመመው ሰው ልቡ ያርፋል፤ ነገር ግን የሕዝብ መንገድ ወደ ርስትነት የመለወጥ አደጋ አለው። ለሁሉም ባለባጅ ክፍት ሲሆን መንገዱ የጋራ እንደሆነ ይቀራል፤ ነገር ግን ባለባጆች በበዙበት መንደር ጥቅሙ ይሳሳል። በእኛ አስተያየት ጋራ የሆነው መሠረት ሆኖ፣ በጣም ለከበደ ሁኔታ ብቻ የተለየ ፈቃድ ቢሰጥ መልካም ነው። ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ግን ምክንያቱን ጽፎ መዝገብ ላይ ማኖር አለበት፤ ምክንያቱ ያልተጻፈ ልዩ ፈቃድ ነገ ለዘመድ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው።

የጎረቤቶችንም ነገር ሳንሰማ ማለፍ አይገባንም። ተቃዋሚው ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም። «መንገዱ እንደ ሆነ ጠባብ ነው፤ እኔም ግብር ከፋይ ነኝ፤ ሌሊት ከሥራ የምትመለስ ልጅ አለችኝ፤ ደጃፌ ለምን ይወሰዳል?» የሚል ሰው እውነተኛ ችግር አለው። ባለሙያው ወደ ስፍራው ወርዶ የሚለካው፣ ተቃውሞው በጽሑፍ የሚጠየቀውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ችግሮች ሲመዘኑ አንዱ መንገላታት ነው፤ ሁለተኛው ከቤት መውጣት አለመቻል ነው። የሚንገላታው ሰው መቶ ሜትር ይሄዳል፤ ሌላው መቶ ሜትር መሄድ ስለማይችል ከነጭራሹ ቤቱ ይቀራል። ቤት የቀረ ሰው ሐኪም ያመልጠዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ይቀርበታል፤ ከልቅሶና ከሠርግ ይጎድላል፤ በመጨረሻም ሰው ይረሳዋል። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ለመናገር ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለውም በእንዲህ ያለ ቀን የሚጠቅመን ከሆነ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው። ጤናማ የሚመስል ወጣት ከመኪናው ወርዶ ቀጥ ብሎ ሲራመድ ያየ ሰው «ይህ ምን ሆነና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የልብ ሕመም፣ የሳንባ ድካም፣ የአእምሮ ዕድገት ችግር፣ ከፍተኛ ጭንቀት በልብስ ላይ አይጻፍም። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ተመልክቶ ከነሐሴ ወር 2019 ጀምሮ የማይታይ ጉዳት ያላቸውም ሰዎች ባጁን እንዲያገኙ መመሪያውን አሰፋ። ከዚያ አስቀድሞ ባጁ በቀጥታ ከሚሰጣቸው መካከል፣ ከ50 ሜትር በላይ መራመድ እንደማይችሉ በመንግሥት ምርመራ የተረጋገጠላቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ከባድ የማየት ችግር ያለባቸው ነበሩ። ዛሬ ሰው መራመድ እየቻለ፣ ጉዞው ራሱ ለሕይወቱ ወይም ለሌላው አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ጉዳዩ ይታይለታል። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሠራተኛ ዓይኑን ሐኪም ሊያደርገው አይገባም። ማስረጃውን ያንብብ፤ ከማስረጃው በላይ የሰውየውን መልክ አይመርምር።

ደግሞም የሚያሳፍረውን ነገር እንናገር። መልካም ሕግ ባለበት ሁሉ አጭበርባሪ አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር የሟች እናታቸውን ባጅ ይዘው ገበያ የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ ከመኪና መስኮት ሰብሮ ባጅ የሚሰርቅ አለ፤ አያቱን ቤት ጥሎ በአያቱ ባጅ ቢሮው በር የሚያቆም ወጣት አለ። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰርቀው ከመንግሥት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚሰርቀው ዞሮ ዞሮ ቦታ ስላጣ ወደ ቤቱ ከተመለሰው በሽተኛ ነው። ሆኖም ጥቂት ሌቦች ስላሉ አመልካቹን ሁሉ በሌብነት ዓይን ማየት ሌላ በደል ነው። ለሌባው ቅጣት አለው፤ ለእውነተኛው አመልካች ደግሞ ክብር ይኑረው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገራችን ደርሰናል። በእንግሊዝ አገር ሕግ ማዘጋጃ ቤት ለጠየቀው ሁሉ ቦታ እንዲሰጥ አይገደድም፤ የመመርመርና የመወሰን ሥልጣን አለው። ነገር ግን በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ማንኛውም የመንግሥት አካል ሲወስን የአካል ጉዳተኞችን እኩልነት በሚገባ እንዲያስብ ያዘዋል። ስለዚህ «አይሆንም» ለማለት ይቻላል፤ «አይሆንም» ያሰኘውን ምክንያት ሳያስቡ ማለት ግን አይቻልም። የፈቃድ ሥልጣን ማለት እንዳሻን ማድረግ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ሥልጣኑ የተሰጠን ሕግ አስቀድሞ ሊያያቸው ያልቻላቸውን ልዩ ልዩ ሁኔታዎች በቅርብ ሆነን እንድናይ ነው።

በዚህ ነገር የእንግሊዝም ማዘጋጃ ቤቶች ነቀፋ የለባቸውም ማለት አይደለም። መመሪያው ከወረዳ ወረዳ ስለሚለያይ፣ በአንዱ መንገድ ዳር የተፈቀደው ከሁለት መንገድ ማዶ ይከለከላል። የለንደን እምብርት የሆኑት አንዳንድ ወረዳዎች ሰማያዊውን ባጅ እንደ ሌላው ስፍራ በሙሉ አይቀበሉትም፤ የራሳቸው የተለየ ፈቃድ አላቸው። የታመመ ሰው ለአንድ ችግሩ በሦስት መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ሕመሙን እንዲያስረዳ ይገደዳል። ማመልከቻው በወራት ሲቆጠር ሕመሙ አይጠብቅም፤ ሳጥኑ ሲሠመር አመልካቹ በሕይወት የሌለበት ጊዜ ሊያጋጥም ይችላል። ዘግይቶ የመጣ መብት ለሟች ቤት የተላከ ደብዳቤ ነው።

የወገኖቻችንም ጉዳይ በዚህ ላይ ይጨመራል። እኛ ይሉኝታ ያሳደገን ሕዝብ ነን። ብዙ አዛውንቶቻችን እርዳታ መጠየቅን ከልመና ይቆጥሩታል፤ «ሰው ምን ይለኛል፣ ለጎረቤት ሸክም አልሁን» ብለው ዝም ይላሉ። ቅጹ በእንግሊዝኛ መሆኑ፣ ጥያቄዎቹም ስለ ሰውነት ድካም በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድዱ መሆናቸው እፍረቱን ያብሰዋል። «ስንት ሜትር ይራመዳሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ኩሩ ሽማግሌ፣ በደኅና ቀኑ የሚራመደውን ቆጥሮ «መቶ ሜትር» ብሎ ይጽፋል፤ በክፉ ቀኑ ከአልጋው እንደማይወርድ አይናገርም፤ ስለዚህም ይከለከላል። ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በተለይም ትምህርት የቀመሳችሁ፣ እዚህ ላይ ሥራ አላችሁ። ከአባታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ቅጹን አብራችሁ ሙሉ፤ እውነቱን ያለ መጨመርና ያለ መቀነስ እንዲናገሩ አበረታቷቸው። ሕግ የሰጠውን መብት መጠየቅ ልመና አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሕጉ የለም ለማለት አንችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጹ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር መድልዎ እንዳይደረግባቸው ይደነግጋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ይህ ስምምነት መንገድንና መጓጓዣን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ማድረግን ከመብት ይቆጥረዋል፤ ሰው በራሱ ፈቃድና ጊዜ ለመንቀሳቀስ እንዲችል መርዳትንም ግዴታ ያደርጋል።

ይህን ስንል ግን የእንግሊዙን ነጭ ሳጥን እንዳለ ገልብጠን በየሰፈራችን እንሥመር ማለታችን አይደለም። በአገራችን ከአካል ጉዳተኞች የሚበዙት የራሳቸው መኪና የላቸውም። ለእነርሱ የደጃፍ ጥያቄ ማለት ከቤት እስከ ታክሲው ማቆሚያ ያለው መንገድ ነው። በእግረኛው መንገድ ላይ የወጣው መኪና፣ ክዳኑ የጠፋው የውሃ መውረጃ ጉድጓድ፣ ከሕንፃ ሥራ የተረፈው የአሸዋ ክምር፣ ያለ መወጣጫ የተሠራው ከፍ ያለ የመንገድ ጠርዝ፣ እነዚህ ለባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ የተዘጉ በሮች ናቸው። መኪናውን በእግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ «አንድ አፍታ ነው» የሚል ሰው፣ ያን አንድ አፍታ ዓይነ ስውሩ በመኪና መካከል እየዳሰሰ እንደሚያሳልፈው ያስብ።

አንድ ነገር ግን ገንዘብም አዋጅም ሳያስፈልገው ነገ ጧት ሊደረግ ይችላል። በየመሥሪያ ቤታችን ግቢ ለበሩ የሚቀርበው የመኪና ማቆሚያ ለማን ነው የተሰጠው? ብዙ ጊዜ ለዋናው ኃላፊ ነው፤ ቀጥሎም ለምክትሉ ነው። ኃላፊው ሁለት ጤናማ እግሮች አሉት፤ በየቀኑም ጥቂት እርምጃ ቢሄድ ሐኪሙ ያመሰግነዋል። ክራንች የያዘችው ባለጉዳይ ግን ከአጥሩ ውጭ ከታክሲ ወርዳ፣ ጠጠሩን አቋርጣ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብላ ትመለሳለች። ለበሩ የቀረበው ቦታ ለማዕረግ መሰጠቱ ቀርቶ ለሚያስፈልገው ሰው ቢሰጥ፣ ያ መሥሪያ ቤት ስለ አካል ጉዳተኞች ከሚያደርገው ማናቸውም ንግግር ይበልጥ ይናገራል።

እናንተ ዛሬ ትምህርታችሁን የምትፈጽሙ፣ ወይም ከጠረጴዛ አጠገብ አዲስ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ የእንዲህ ያለው ጉዳይ ወሳኞች ትሆናላችሁ። ሊያስቸግራችሁ የሚችል ከባድ ነገር የለበትም። አንደኛ፣ የሚፈለገውን ማስረጃ ዝርዝር በግልጽ ጽፋችሁ ከበሩ ላይ ለጥፉት፤ አካል ጉዳተኛው ለእያንዳንዱ ወረቀት እንደገና እንዳይመላለስ። ሁለተኛ፣ ማመልከቻውን ስትቀበሉ መልሱ የሚሰጥበትን ቀን ንገሩት፤ በቀኑም አድርጉት። ሦስተኛ፣ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው እናንተ ውረዱለት፤ ስፍራውንም በዓይናችሁ እዩ እንጂ በወረቀት ብቻ አትፍረዱ። አራተኛ፣ የጎረቤቱንም ቃል ስሙ፤ ካልሰማችሁት ውሳኔያችሁ ጠብ ይተክላል። አምስተኛ፣ ብትፈቅዱም ብትከለክሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡ፤ ቅር ያለው ሰው ወደ በላይ የሚያቀርበው ነገር እንዲኖረው። ስድስተኛ፣ የሰጣችሁትን ፈቃድ በየጊዜው መርምሩ፤ ችግሩ ሲያበቃ ቦታው ወደ ሕዝብ ይመለስ።

እነዚህ ስድስቱ ነገሮች የሚሠሩት ለመኪና ማቆሚያ ብቻ አይደለም። ለቀበሌ ቤትም፣ ለውሃ መስመርም፣ ለልደት ምስክር ወረቀትም ያው ናቸው። አካል ጉዳተኛው ሳይንገላታ ጉዳዩን የሚፈጽምበት መሥሪያ ቤት ለነፍሰ ጡሯም፣ ለአረጋዊውም፣ ከገጠር ለመጣው ገበሬም የተመቸ ይሆናል። ለደካማው የተጠረገ መንገድ ብርቱውን አያደናቅፈውም።

ጤና ቋሚ ሀብት አለመሆኑንም እናስብ። ዛሬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣው ወጣት ሹም ነገ በአንድ የመኪና አደጋ፣ ወይም ምንም ሳይሆን በዕድሜ ብቻ፣ ያንኑ ደረጃ ከታች ሆኖ ሊመለከተው ይችላል። ያን ጊዜ የሚያገኘው መስተንግዶ ዛሬ በእጁ ላይ ያለችውን ማመልከቻ የሚያስተናግድበት ልማድ የሚያፈራው ነው። እንግዲህ ማኅተሙን ከማንሳታችን በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብለን ይህ ሰው እስከዚህ መስኮት ድረስ እንዴት መጣ ብለን እንጠይቅ። መልሱን የሚያውቅ ሠራተኛ «ነገ ተመለስ» ለማለት አንደበቱ ይከብደዋል።